ሁለተኛው ምሽት

ልጄ፣ በየመሸታ ቤቱና በየሠርጉ ድንኳን የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። ብርሌው ሁለት ሦስት ጊዜ ከተሞላ በኋላ አንዱ፣ «ኖኅ ጻድቅ አልነበረም እንዴ? እሱም ጠጥቶ ሰክሯል» ይላል። ሌላው ሎጥን ይጨምርለታል። ጨዋታው ይደምቃል፣ ቀጂው ይጠራል። ይህን ክርክር ከአንተም አፍ ሰምቼዋለሁ። ያን ዕለት ዝም ያልኩህ መልስ አጥቼ አይደለም። ከ2200 ዓመት በፊት ገደማ በኢየሩሳሌም ያስተምር የነበረው ሲራክ፣ ሰው በመጠጥ ግብዣ ላይ ደስ ብሎት ሳለ ተግሣጽ እንደማይገባ ይመክራል። ምክሩን ተቀብዬ ቆየሁ። አሁን ግን ቀን ነው፣ ሁለታችንም አእምሯችን በቦታው አለ፤ ስለዚህ ልናገር።

ኖኅንና ሎጥን ጠበቃ አድርገህ ካቆምካቸው፣ ታሪካቸውን ቃል በቃል ሲመረምሩ የኖሩት የጥንት የአይሁድ ሊቃውንት ምን ብለው እንደፈረዱ መስማት ይገባሃል። ከሲራክ ዘመን ጀምሮ የሕጋቸውና የትርጓሜያቸው ስብስብ የሆነው የባቢሎን ታልሙድ እስከተጠናቀረበት እስከ 6ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ድረስ በዚህ ነገር ብዙ ተባብለዋል፤ እርስ በርሳቸውም ሁልጊዜ አልተስማሙም።

አስቀድመህ አንድ ነገር ያዝልኝ። እነዚህ ሰዎች ከመጠጥ ጋር ጠብ አልነበራቸውም። ሰንበትን የሚቀበሉት በወይን ጽዋ ላይ ባርከው ነው። በፋሲካ ሌሊት ድሀው እንኳ ከአራት ጽዋ እንዳያንስበት ደንግገዋል። ከወይን ለመራቅ የተሳለ ናዝራዊ የስእለቱ ጊዜ ሲፈጸም የኃጢአት መሥዋዕት እንዲያቀርብ ኦሪት ያዛል፤ ምን በድሎ ነው ተብሎ ሲጠየቅ፣ ረቢ ኤልዓዛር ሃቃፋር የሚባል መምህር ራሱን ከወይን ከልክሎ ስላስጨነቀ ነው ብሎ መልሷል። ጠጪውን የሚገሥጹት እንግዲህ የወይንን ደስታ የሚያውቁና የሚያከብሩ ሰዎች ናቸው። ፍርዳቸውን ከባድ አድርጌ የምይዘውም በዚህ ምክንያት ነው።

በኖኅ እንጀምር። ዘፍጥረት ምዕራፍ 9 ነገሩን በጥቂት ቃላት ጨርሶት ያልፋል፦ ወይን ተከለ፣ ጠጣ፣ ሰከረ፣ በድንኳኑ ውስጥ ራቁቱን ሆነ። አጠፋም አላጠፋም አይልም። ፍርዱን የጨመሩበት ተርጓሚዎቹ ናቸው፤ እነሱም በሁለት ተከፈሉ።

አንደኛው ወገን ይከላከልለታል። ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ2ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው መጽሐፈ ኩፋሌ በዚህ ወገን ነው። ይህ መጽሐፍ ሙሉ ሆኖ ለዓለም የተረፈው በእኛው በግዕዝ ነው፤ የዕብራይስጡ ቁርጥራጭ የተገኘው በሙት ባሕር አጠገብ ካሉት የቁምራን ዋሻዎች ነው። ኩፋሌ እንደሚለው ኖኅ ወይኑን የተከለው መርከቡ ባረፈበት በሉባር ተራራ ላይ ነው። ወይኑ በ4ኛው ዓመት አፈራ። ኖኅ ፍሬውን ጠብቆ በ7ኛው ወር ለቀመው፤ ጨምቆም በዕቃ ውስጥ አኖረው እንጂ አልቀመሰውም። አዲሱ ዓመት ጠብቶ የመጀመሪያው ወር መባቻ ሲደርስ ወይፈኑን፣ አውራ በጉን፣ ሰባቱን ጠቦቶችና የፍየሉን ግልገል ሠዋ፤ ከዚያ በኋላ ከልጆቹ ጋር በደስታ ጠጣ። ይህ ሁሉ የቀን ቆጠራ ያለ ምክንያት አልገባም። የተተከለ ዛፍ ፍሬ እስከ 3 ዓመት እንደማይበላ፣ የ4ኛው ዓመት ለእግዚአብሔር የተቀደሰ እንደሆነ፣ በ5ኛው ዓመት ለባለቤቱ እንደሚፈቀድ በኦሪት ዘሌዋውያን ተጽፏል። ኩፋሌ ኖኅን ሕጉ በሲና ሳይሰጥ ሕጉን የጠበቀ አድርጎ ያቆመዋል። በበዓል ቀን፣ ከመሥዋዕት በኋላ፣ ከቤተሰቡ ጋር ጠጣ። ያም ሆኖ ማታ ወደ ድንኳኑ ገብቶ ሰክሮ መተኛቱን ኩፋሌም አልደበቀም።

ክርስቶስ በተወለደበት ዘመን በእስክንድርያ የኖረው አይሁዳዊው ፈላስፋ ፊሎም ለኖኅ ይከራከራል። ፊሎ ስለ ስካር ራሱን የቻለ መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነው። ወይን ጠጥቶ መደሰት አንድ ነገር ነው፣ አእምሮን ስቶ መቀባጠር ሌላ ነው፤ ጠቢብ ሰው የሚደርስበት የመጀመሪያው ነው ይላል። ኖኅ የተራቆተውም በገዛ ቤቱ ውስጥ እንጂ በአደባባይ አለመሆኑን ልብ እንድንል ይፈልጋል።

ሁለተኛው ወገን ግን አይምረውም። በእስራኤል ምድር የነበሩ መምህራን የሰጡት ሐተታ በ5ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ዘፍጥረት ራባ በሚባለው መጽሐፍ ተሰብስቧል። እዚያ ውስጥ ረቢ ሕያ ባር አባ፣ መትከሉም፣ መጠጣቱም፣ መዋረዱም በአንድ ቀን ሆነ ይላል። ኩፋሌ እስከ አምስተኛው ዓመት አስጠብቆ ያጠጣውን ሰው ይኸኛው አንዲት ቀን እንኳ መታገሥ አቃተው ይለዋል! በዚሁ ሐተታ፣ ኖኅ ሊተክል ሲሄድ ሸምዶን የሚባል ጋኔን መንገድ ላይ ያገኘዋል። በተክሉ ሽርክ እንሁን፣ ግን ከድርሻህ አልፈህ ወደ ድርሻዬ እንዳትገባ፣ ከገባህ እጎዳሃለሁ ይለዋል። ይህን ቦታ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ጋኔኑ ወይኑን ሁሉ የኔ ነው አላለም። ከወይኑ ለኖኅ የተፈቀደ ድርሻ አለ፤ ድንበር አለ፤ ድንበሩም አስቀድሞ፣ ችግኙ መሬት ሳይነካ ተነግሮታል።

ታልሙድ ደግሞ በሳንሄድሪን ክፍል ሌላ ክስ ያመጣል። አዳም የበላበት ዛፍ ወይን ነበር የሚል አስተያየት ነበራቸው፤ ስለዚህ እግዚአብሔር ኖኅን፣ ከአባትህ ከአዳም አትማርም ነበር ወይ ብሎ እንደወቀሰው ይተርካሉ። አየህ፣ አንተ «ጻድቅ ነበር» ያልክበት ቃል ለእነዚህ መምህራን ማቅለያ አልሆነም። የሚያውቅ ሰው ስለሆነ ይበልጥ ተጠየቀ።

ተከላካዮቹም ከሳሾቹም በሚገርም ሁኔታ አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ክርክራቸው ኖኅ ሰክሮ ስለዋለበት ሰዓት አይደለም። ኩፋሌ የሚመሰክርለት ጽዋውን ከማንሣቱ በፊት ባሳለፋቸው የትዕግሥት ዓመታት ነው። ረቢዎቹ የሚከሱትም ጽዋውን ከማንሣቱ በፊት ባለመታገሡና ባለመማሩ ነው። ሁለቱም የሚመረምሩት ጤነኛውን ኖኅ ነው።

ይህ ነገር ፍጥጥ ብሎ የሚወጣው በሎጥ ላይ ነው። ታሪኩን ታውቀዋለህ። ሰዶም ተቃጥላለች፣ ሚስቱ የጨው ሐውልት ሆናለች፤ ሎጥ ከዞዓር ወጥቶ ከሁለት ልጆቹ ጋር ዋሻ ውስጥ ተቀምጧል። ልጆቹ ዓለም ሁሉ የጠፋ መሰላቸው፤ ዘር እንዲቀር ብለው አባታቸውን ወይን አጠጡት፣ ትልቋም ከእሱ ጋር ተኛች። ስትተኛም ስትነሣም አላወቀም ይላል ንባቡ። በማግስቱ ምሽት ደግሞ አጠጡት፣ ታናሺቱም እንዲሁ አደረገች።

በኦሪቱ ጥቅልል ላይ የትልቋን መነሣት በሚናገረው ቃል አናት ላይ አንዲት ነጥብ አለች። ጸሐፍት እስከ ዛሬ ድረስ ሳያስቀሩ ይጽፏታል። ሊቃውንቱ ይህች ነጥብ ያለ ምክንያት አልተቀመጠችም አሉ፤ ስትተኛ አላወቀም፣ ስትነሣ ግን አውቋል ብለው ተረጎሟት። ከዚያ በናዚር ክፍል ታልሙዱ የራሱን ትርጓሜ ይሞግታል። ቢያውቅስ ምን ሊያደርግ ይችል ነበር? የሆነው አንዴ ሆኗል። መልሱ አጭር ነው፦ በማግስቱ ምሽት ወይን መጠጣት አልነበረበትም።

ልጄ፣ ስለ መጠጥ ከሰማሁት ፍርድ ሁሉ እንደዚህ ትክክለኛ የሆነ አላውቅም። የመጀመሪያውን ሌሊት ተዉለት። ያዘነ፣ አገሩ የነደደችበት፣ ሚስቱን ያጣ ሽማግሌ ነው፤ ያጠጡትም የወለዳቸው ልጆች ናቸው፤ ምን እንደታሰበለት አላወቀም። የጠየቁት ስለ ቀኑ ነው። ያ ሰው ጧት ነቅቷል። ራሱን ይዞ ተቀምጧል። አንድ ነገር እንደተበላሸ ያውቃል። ፀሐይ ወጥታ እስክትጠልቅ ድረስ በዋሻው አፍ ላይ ሆኖ የሚያስብበት ሙሉ ቀን ነበረው። የሚያስገድደው ሰው የለም፤ ሰውነቱ ከወይኑ ነጽቷል፤ እምቢ ለማለት ኃይል አለው። ማታ ጽዋው ሲዘረጋለት ተቀበለ። ኃጢአቱ የተቆጠረው እዚያ ላይ ነው።

እነዚህ ሰዎች በሎጥ ስካር ሌላ ነገርም ለክተዋል። በኤሩቪን ክፍል፣ የሰከረ ሰው የገዛው ተገዝቷል፣ የሸጠው ተሸጧል፤ የሚያስቀጣ ወንጀል ቢሠራ ይቀጣል ይላል። በጠቅላላው እንደ ጤነኛ ሰው ይቆጠራል፤ የሎጥን ስካር ያህል የሰከረ ሲሆን ብቻ ከሁሉም ነፃ ይሆናል። ሁለቱን ፍርዶች አንድ ላይ አንብባቸው። ሎጥ ማንም ሊጠየቅበት የማይችለው የስካር ጫፍ መለኪያ ነው፤ ያው ሎጥ ግን በሁለተኛው ምሽት ተጠያቂ ነው። ራሱን ሳያውቅ የሠራው ባይያዝበትም፣ ራሱን እያወቀ ያነሣው ጽዋ ይያዝበታል።

እኛ አገር «ሰክሬ ነው እንጂ» የምትል ይቅርታ ትልቅ ቦታ አላት። ሰው ይሰደብና፣ ሚስት ትመታና፣ መኪና አጥር ጥሶ ይገባና ጧት ሽማግሌ ተሰብስቦ «መጠጡ ነው» ይባላል። እኔም በዚያ ሽምግልና ተቀምጫለሁ። ከእንግዲህ በዳዩን የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ከዚህ በፊት ስትጠጣ ምን እንደምትሆን አይተህ ነበር? ካየህ፣ ትናንት ከቤትህ ስትወጣ የመጀመሪያው ምሽትህ አልነበረም።

ሊቃውንቱ ሞቅ ባለው ሰውና በሰከረ ሰው መካከልም ልዩነት አበጅተዋል። በንጉሥ ፊት ቆሞ መናገር የሚችል ሞቅ ያለው ነው፤ መናገር የማይችለው ሰክሯል። ለፍርድ ሲሆን ግን ሞቅታውንም አልፈቀዱም፤ ከቡና ሲኒ ጥቂት ከፍ የሚል ወይን የጠጣ መምህር በሕግ ጉዳይ ብይን እንዳይሰጥ ከልክለዋል።

የአሥራ ሁለቱ አባቶች ኑዛዜ በሚባለው ጥንታዊ ጽሑፍ ይሁዳ በሞት አልጋው ላይ ልጆቹን ሰብስቦ ስለ ወይን ይመክራቸዋል። እንዴት እንደጀመረ ይነግራቸዋል፦ የአንዲት ከነዓናዊት አባት ልጁን በወርቅ አስጊጦ በግብዣ ላይ ወይን እንድትቀዳለት አደረገ፤ እሱም ወይኑ ዓይኑን አጠፋውና አገባት። በኋላም ምራቱን ትዕማርን ለይቶ ያላወቃት ሰክሮ ስለነበር እንደሆነ ይናገራል። ንጉሥ የሚወጣበት ነገድ አባት፣ ከወንድሞቹ ሁሉ የበረታ፣ ውርደቱን አንድ በአንድ ይቆጥርላቸዋል። የሚጠጣ ሰው እፍረቱን እስከያዘ ድረስ ይጠጣ፣ እፍረቱ ሲሸሽ ያቁም የሚል ነው የምክሩ ፍሬ። የኔም ዕድሜ ወደዚያ እየደረሰ ስለሆነ ይህን ኑዛዜ ሳነብ ልቤ ይነካል። አባት ለልጁ ከሚያወርሰው ሁሉ ይህ ግልጽነት ይበልጥብኛል።

ስለ አሮን ልጆች፣ ስለ ናዳብና አብዩድ፣ ዘሌዋውያን ራባ የተባለው የመምህራኑ ሐተታ የሚለውንም ልንገርህ። ያልታዘዘ እሳት አቅርበው ተቃጠሉ ይላል ኦሪቱ፤ ለምን እንደሆነ ሊቃውንቱ ብዙ ምክንያት ሰጥተዋል። አንደኛው እንዲህ ነው። ንጉሥ ታማኝ አገልጋዩን በመሸታ ቤት ደጃፍ አገኘውና ምንም ሳይናገር አስገደለው፤ በምትኩም ሌላ ሾመ። የፊተኛው ለምን እንደሞተ አናውቅም ነበር፤ ለሁለተኛው ግን በመሸታ ቤት ደጃፍ እንዳትገባ የሚል ትእዛዝ ሲሰጠው ያን ጊዜ ገባን። ልጆቹ እንደሞቱም እግዚአብሔር በቀጥታ ለአሮን የሰጠው የመጀመሪያው ትእዛዝ ወደ ድንኳኑ ስትገቡ ወይን አትጠጡ የሚል ነው።

በዚያው የሐተታ ምዕራፍ አንድ የቤተሰብ ታሪክ አለ። መጠጥ የሚወድ ሽማግሌ የቤቱን ዕቃ እየሸጠ ይጠጣል። ልጆቹ አባታችን ሲሞት ምንም አያስቀርልንም ብለው ተማከሩ፤ አስክረው ተሸክመው ወሰዱትና መቃብር ውስጥ አስተኙት። የወይን ነጋዴዎች በዚያ ሲያልፉ ከተማው ውስጥ ባለሥልጣን ከብት እየነጠቀ ለግዳጅ ሥራ እንደሚወስድ ሰሙ፤ የወይን አቁማዳቸውን በመቃብሩ ውስጥ ደብቀው ሸሹ። ሽማግሌው ሲነቃ ከራስጌው አቁማዳ ተንጠልጥሏል። ፈታውና አፉን ደቀነ። ልጆቹ ከሦስት ቀን በኋላ ምን ሆኖ ይሆን ብለው ቢመጡ የአቁማዳው አፍ በአፉ ውስጥ ሆኖ አገኙት። በሙታን መካከል እንኳ ፈጣሪ አልተወህም፤ እንግዲህ ምን እናድርግህ አሉ። ተራ ገብተውም በየቀኑ አንድ አንዳቸው ሊያጠጡት ተስማሙ።

አንዳንዱ ይህን አንብቦ ይስቃል። እኔ የማየው እነዚያን ልጆች ነው። አባታቸውን መቃብር እስከማስገባት ያደረሳቸው የስንት ዓመት ችግር ነው? ከዚያ በኋላስ የእያንዳንዳቸው ጓዳ በተራ ለእሱ መጠጥ መገበሪያ ሆነ። ተራኪው ፈወሱት አላለም፣ ተመለሰም አላለም። ጠጪ ያለበትን ቤት የሚያውቅ ሰው ነው ይህን የጻፈው።

ደግሞ ዮሴፍን የሸጡትን ወንድሞች አስባቸው። በግብፅ ማዕድ ላይ ከእሱ ጋር ጠጥተው ደስ አላቸው ይላል ኦሪቱ። መምህራኑ ከዚህ ተነሥተው፣ ከተሸጠበት ቀን ጀምሮ እሱም እነሱም ወይን አልቀመሱም ነበር፣ ለ22 ዓመት ያህል፣ ይላሉ። የመጠጥን ደስታ ከመተው የበለጠ ንስሐ አላገኙላቸውም፤ በማዕዱም ቀን መልሰው ሰጧቸው።

«በዓል ሲሆንስ?» ትለኝ ይሆናል። የአስቴርን መጽሐፍ በሚያነቡበት በፉሪም ቀን፣ የተረገመውን ሐማን ከተባረከው መርዶክዮስ መለየት እስኪያቅት ድረስ መጠጣት ይገባል የሚል ቃል በታልሙድ በእውነት አለ። ወዲያው ከሥሩ ግን ይህ ታሪክ ተከትሏል። ራባህና ረቢ ዜራ የሚባሉ መምህራን የፉሪምን ማዕድ አብረው በሉ፤ ሰከሩም። ራባህ ተነሥቶ ረቢ ዜራን አረደው። በማግስቱ ምሕረት ለምኖ አስነሣው። በዓመቱ ና ፉሪምን አብረን እናክብር ብሎ ጠራው። ረቢ ዜራ፣ ተአምር በየጊዜው አይገኝም ብሎ ቀረ። ሎጥ ያላደረገውን ያደረገ ሰው ይኸውልህ። ጓደኞችህ የሚጠሩህ አምና የተጣላህበት ቤት ሲሆን፣ ሳትቆጣና ሳትሳደብ «ዘንድሮ አልመጣም» ማለት ትችላለህ።

አሁን ደግሞ በሌላው ላይ ስለመፍረድ። ሐና በሴሎ ልጅ ፍለጋ እያለቀሰች ስትጸልይ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅዋ አይሰማም። ካህኑ ዔሊ የሰከረች መሰለውና ገሠጻት። እሷም በትሕትና ነገሩን አስረዳችው። በታልሙድ በበራኮት ክፍል ሊቃውንቱ ከዚህች አጭር ንግግር ብዙ ሕግ አወጡ። በባልንጀራህ ላይ የማይገባ ነገር ካየህ ዝም አትበል፤ ዔሊ ዝም አላለም። በሐሰት የተጠረጠረ ሰውም ራሱን ያጽዳ፤ ሐና አጸዳች። ንጹሕን ሰው የጠረጠረ ደግሞ ይቅርታ ይጠይቅ፣ ይመርቅም፤ ዔሊ በሰላም ሂጂ ብሎ መረቃት። አንተም ሠፈር ውስጥ የምትንገዳገድ ሴት ወይም የሚወላገድ ሰው ስታይ አፍህን ከመክፈትህ በፊት ሐናን አስብ። ስኳር ሕመም፣ የሚጥል በሽታ፣ ኀዘን ሰውን እንደ ሰካራም ያስመስላሉ።

ፊሎ ሐናን ከዚህም ከፍ አድርጎ አይቷታል። ጸጋ የሞላት ነፍስ በደስታዋ የሰከረች ትመስላለች ይላል። በእስክንድርያ አጠገብ በማሬዎቲስ ሐይቅ ዳር ይኖሩ ስለነበሩ ማኅበርተኞች ሲጽፍም፣ በበዓላቸው የሚጠጡት ውኃ እንደነበር፣ ወንዱና ሴቱ ሌሊቱን ሙሉ እየዘመሩ እንደሚያድሩ፣ ሲነጋም ራሳቸው ሳይከብድ፣ ከመጡበት ይበልጥ ነቅተው ወደ ፀሐይ መውጫ እንደሚቆሙ ይተርካል። በእኛም አገር የማኅሌት ሌሊት ያደረ ሰው ይህን ያውቀዋል። መደሰትህን ማንም አይጠላብህም፤ እኔ ከሁሉ በፊት አልጠላብህም።

የምለምንህ ይህን ነው። ወደ ግብዣ ስትሄድ ስንት እንደምትጠጣ ቤትህ ሆነህ ወስን፤ ለአንድ ለምታምነው ሰውም ንገረው። ትናንት ያስቀየምከው ሰው ካለ «መጠጡ ነው» ሳትል ሄደህ ይቅርታ ጠይቀው። ጧት የወሰንከው ማታ እየፈረሰብህ ከተቸገርክ፣ እጅህ ሳትጠጣ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ያ ምክር ብቻ የሚፈታው ነገር አይደለም፤ ሐኪም ያስፈልገዋል፤ በድንገት ብቻህን ለማቆምም አትሞክር፣ ለሕይወት ያሰጋል። ሳታፍር ንገረኝ። ሆስፒታል አብሬህ እሄዳለሁ።